ከ205 የመጣ ሰላምታ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ከሰው ሰው ሲዞር ሰምቼ አይደለም የምጽፈው። ከእኔ ጠረጴዛ ሁለት ሜትር በማይርቅ ጠረጴዛ ላይ የደረሰ ነው።

እዚህ ቻናል ላይ ገና አንብባችሁ ሳትጨርሱ "ፈጠራ ነው" እያላችሁ የምትጽፉ አላችሁ። እናንተ ከዚህ መስመር ላይ መመለስ ትችላላችሁ፤ አልቀየማችሁም።

ቀኑ ረቡዕ። ወሩ መጋቢት። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ... ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት።

ቦታው ቢቸና፣ የአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ዋና መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ። የዩኒየኑን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው።

ጨለማ የለም። ዝናብ የለም። ጅብ አይጮኽም። ሁሉም ነገር በብርሃን ነው የሆነው፤ እኔን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

እንድሪስ ይባላል። የሞጣ ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሱ ግን ኮምፒውተር ተማረና የእኛ መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ ሆነ። እኔ መዝገብ ቤት ነኝ። የማወራላችሁን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግማሹን ያወቅሁት ከእሱ ነው፤ መጨረሻውን በወረቀት ጽፎ ነው የነገረኝ። እሱ ደግሞ መዋሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል።

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው።

ዩኒየናችን ሞጣ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ታኅሣሥ ውስጥ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ይታያል በሁለቱም ቢሮ የኢንተርኔት ስልክ አስተከሉ። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ተሰጠው። ቢቸና ተቀምጠህ ሦስት ቁጥር ትጫናለህ፣ ሞጣ ላይ ይጮኻል። እንደ አሳቡማ ጥሩ ነበር።

ድምፁ ግን አልሆነም።

ከሞጣ የሚያናግርህ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስላል። ግማሹ ቃል ይመጣል፣ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። አንዳንዴ የራስህ ድምፅ ዞሮ መጥቶ ጆሮህ ላይ ይጮኻል። አንዳንዴ አንተ ትሰማለህ፣ እነሱ አይሰሙህም፤ "ሄሎ... ሄሎ" ስትል ትውላለህ።

ሰው ሁሉ በእንድሪስ ላይ ተነሳ። የሞጣዋ ጸሐፊ ወይዘሮ ይርጋነሽ በሞባይላቸው እየደወሉ ይሰድቡታል። ሞጣ የተወለደ ልጅ እንዴት የሞጣን ስልክ ማስተካከል ያቅተዋል ይሉታል። አቶ ይታያል ደግሞ በስብሰባ መሐል፣ ሁላችን ባለንበት፣ "የተማረ ሰው የቀጠርን መስሎን ነበር" አሉት። እንድሪስ አንገቱን ደፍቶ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ምን ይጽፍ እንደነበር አየሁ። ምንም አልነበረም፤ መስመር ያሰምር ነበር።

አንድ ቀን ችግሩ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። በቀላሉ አስረዳኝ። በኢንተርኔት ስልክ ድምፅህ እንዳለ አይሄድም። በጣም ትንንሽ ሆኖ ይቆራረጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይላካል፣ ሞጣ ሲደርስ መልሶ ይገጣጠማል። መንገዱ ሲጨናነቅ አንዳንዱ ቁራጭ ይዘገያል፣ አንዳንዱ ይጠፋል።

"የጠፋውስ የት ይሄዳል?" አልኩት።

ሳቀብኝ። ጠፋ ማለት ጠፋ ማለት ነው አለኝ።

እንድሪስን የሚያብከነክነው ግን የአቶ ይታያል ስድብ አልነበረም። ሚስቱ ዘኪያ ናት።

ዘኪያ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ወሯ ሲገባ ልትወልድ ሞጣ እናቷ ቤት ሄደች። እንድሪስ መውለጃዋ ሲደርስ አጠገቧ መሆን ይፈልጋል። በፊት አንድ ጊዜ አስወርዷት ነበር፤ ያኔም እሱ ሥራ ላይ ነበር፤ አልደረሰላትም። ይህን የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው፣ ሁለተኛ አላነሳውም።

ፈቃድ ጠየቀ። አቶ ይታያል ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ መለሱለት። ስልኩ ሳይስተካከል ከቢቸና ንቅንቅ የለም። ከሄደ ደግሞ የስንብት ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል።

እናም አንዲት ትንሽ ጥፋት አጠፋ። በዘኪያ ሞባይል ላይ የመሥሪያ ቤቱን የስልክ አፕ ጫነና 209 የሚል ቁጥር ሰጣት። ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ምሳ ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ሥር ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ያወራታል። መስመሩ ለእሱም አልራራለትም፤ ይቆራርጥበታል።

ሴት ከሆነች ሀኒያ ሊሏት ተስማምተው ነበር። ስሙን ለማንም ላይናገሩ፣ ለእናቷም ለእናቱም፣ በሰባተኛው ቀን ስም እስኪወጣ ድረስ በሁለቱ መሐል ሊቆይ ተነጋግረዋል። ስሙን እኔም የሰማሁት ከዚያ ረቡዕ በኋላ ነው።

እንግዲህ ያ ረቡዕ መጣ።

ሁዳዴ ነበር። በጾም ቅዳሴው ቀትር ላይ ስለሆነ ምሳ ሰዓት ሲደርስ መሥሪያ ቤቱ ባዶ ይቀራል። አቶ ይታያልም፣ እኔም፣ ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ነን። ሞጣም እንደዚሁ። ኢንተርኔቱን የሚጠቀም ሰው የለም። እንድሪስ ይህን ሰዓት ነበር የሚጠብቀው፤ መንገዱ ጭር ሲል ድምፁን መፈተሽ።

ከላፕቶፑ ሆኖ በርቀት የሞጣውን ማሽን ከፈተ። ሌላውን ሁሉ ዘጋግቶ ለድምፅ ብቻ ቅድሚያ ሰጠ። አሁን የቀረው አንድ ሰው ከወዲያ ማዶ ሆኖ ማውራት ነው። ጠዋት ወይዘሮ ይርጋነሽን ለምኗቸው ነበር። ጦሜን ውዬ የአንተን ስልክ ስጠብቅ አልውልም ብለው ዘግተውበታል።

ምናልባት የቅርንጫፉ ዘበኛ ያነሳዋል ብሎ የእሳቸውን ቁጥር 205ን ደወለ።

አንዴ ጮኸ።

ተነሳ።

"እንዴት ዋልህ እንድሪስ?"

እንድሪስ ደስ አለው። ደስ አለው ብቻ ሳይሆን ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረውም። በሦስት ወር ውስጥ እንዲህ የጠራ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። መቆራረጥ የለ፣ ማስተጋባት የለ። የሰውዬው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል።

የሚያውቀው ድምፅ ነው። የማን እንደሆነ ግን አልመጣለትም...

አሁን "ማን ነህ ብሎ ለምን አልጠየቀም?" የምትሉ ትኖራላችሁ። አገራችሁ የት ይሆን? እኛ ዘንድ በስምህ ጠርቶ ሰላም ያለህን ሰው "ማን ልበል?" ብትለው እስከ ዕድሜ ልኩ ይቀየምሃል። ከአባትህ ጋር ያደገ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰላምታውን እየመለስክ ትቆያለህ፤ ከወሬው መሐል ማንነቱ ራሱ ይገለጥልሃል።

ደግሞም ረጅም ንግግር ይፈልግ ነበር። የድምፅ ጥራት በ"ሄሎ ሄሎ" አይለካም። ሁለት ሦስት ደቂቃ የሚያወራ ሰው ያስፈልጋል። የእኛ አገር ሰው ሰላምታ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። እንድሪስ በልቡ እየሳቀ የመቅጃውን ምልክት ተጫነና ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተከለ።

"ደህና ነህ?"

"አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ነኝ። እርስዎ ደህና ነዎት?"

"እናትህ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"አብዱልሐኪምስ?"

ታላቅ ወንድሙ ነው።

"ደህና ነው።"

ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ ይወርዳሉ። የጠፋ ቁራጭ፦ ዜሮ። ሌላ ጊዜ ከመቶ አሥራ አምስቱ ይጠፋ ነበር። እንድሪስ ቁጥሩን እያየ ነው። ጆሮው እየሰማ አይደለም፤ አፉ ብቻ ይመልሳል።

"ሱቁስ?"

"ደህና ነው።"

"ዘሚራስ?"

የሚስቱ እናት ናቸው።

"ደህና ናቸው።"

"ዘኪያስ?"

"ደህና ናት።"

"ሀኒያስ?"

"ደህና ናት።"

...

ሰላምታ እንዲህ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ አፋችን የለመደው ነገር ነው። ጠያቂው ሳይጨርስ ተጠያቂው ይመልሳል። የታመመም ቢኖር መጀመሪያ ደህና ነው ትላለህ፤ ሕመሙን ኋላ ነው የምታወራው።

የእንድሪስ እጅ ኪቦርዱ ላይ ደረቀ።

ያልተወለደች ልጅ ናት። ስሟን ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

"ማን... ማን ልበል?" አለ።

ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ረጋ ያለ ትንፋሽ።

"ማን ነህ?"

ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። አፉን ጆሮው ላይ አስጠግቶ የሚያወራ ሰው ያህል ቀረበ።

"ደህና ናት አልክ።"

"ማነው ስሟን የነገረህ?"

"ከአንተ የቀረኝ ያ መልስ ብቻ ነበር።"

ተዘጋ።

የእንድሪስ ዓይን ስክሪኑ ላይ እንዳለ ነው። ያኔ ነው አንዱን ቁጥር ልብ ያለው።

የመዘግየት ልክ፦ ዜሮ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔም ኋላ ነው የገባኝ። ድምፅ ከቢቸና ሞጣ ደርሶ ሲመለስ ይዘገያል፤ ትንሽም ቢሆን ይዘገያል። ከእሱ ጠረጴዛ ወደ እኔ ጠረጴዛ ሲደውል እንኳ ዜሮ አይሆንም። ዜሮ ማለት ድምፁ ምንም መንገድ አልሄደም ማለት ነው።

ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ዞረ።

ባዶ ወንበሮች። ፀሐይ የመታው ወለል። የተከፈተ በር።

ዞር ብሎ ስክሪኑን ሲያይ 205 ቀይ ሆኗል። ቀይ ማለት ከመስመር ውጪ ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሲመለከት ከሰኞ ጀምሮ ይላል።

ወደ ወይዘሮ ይርጋነሽ ሞባይል ደወለ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ በንዴት እያንሾካሾኩ አነሱት። ቢሮው ውስጥ ማን እንዳለ ጠየቃቸው። ማንም እንደሌለ፣ የቢሮው ቁልፍ ነጠላቸው ጫፍ ላይ እንደተቋጠረ ነገሩት።

"ስልክዎን ያነሳው ማነው ታዲያ?"

"የትኛውን ስልክ? እሱንማ ሰኞ ነቅዬ ካርቶን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ለአቶ ይታያል ልታሳብቅ ነው? ሂድና አሳብቅ።"

ዘጉበት።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ከቅዳሴ ስመለስ እንድሪስ እንደተቀመጠ ነው። ከንፈሩ አመድ መስሏል። አመመህ ወይ አልኩት። ሳይመልስ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። "ይህ ሰውዬ ማነው? አንተ ታውቀዋለህ?" አለኝ።

አዳመጥኩ።

እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ።

"ምን ትቀልዳለህ?" አልኩት። "ሁለቱም አንተ ነህ።"

ተቆጣኝ። አላመነኝም። ሰው የገዛ ድምፁን ከውጭ ሲሰማው አያውቀውም። እኔ ግን ሁለት ዓመት አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ጠያቂውም እንድሪስ ነው፣ መላሹም እንድሪስ ነው።

እንደገና አጫወትነው። እየቆየ ሌላ ነገር መስማት ጀመርን።

"እንዴት" የሚለው ቃል ጎርናና ነው። ጥር ላይ ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ያኔ እንዲህ ነበር ድምፁ። "ደህና" የሚለው የተቆጣ ነው፤ ከወይዘሮ ይርጋነሽ ጋር ሲጨቃጨቅ የሚናገርበት ድምፅ። "አብዱልሐኪም" የሚለው ውስጥ ሳቅ አለበት። እያንዳንዱ ቃል ከሌላ ቀን የመጣ ነው። ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ነው።

"ሀኒያ" የሚለው ደግሞ ሹክሹክታ ነው።

እንድሪስ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አነሳው።

"ስሙን በ209 ስነግራት አልሰማ ብሏት ነበር" አለኝ። "ቆረጠብኝ፣ ድገመው አለችኝ። ሦስት ጊዜ ነው የደገምኩት።"

እኔ "የጠፋውስ የት ይሄዳል?" ያልኩትን ያን የሞኝ ጥያቄዬን አስታወስኩ፤ እሱም ያስታወሰ ይመስለኛል። ከአፋችን ግን አላወጣነውም።

በዚህ መሐል የአቶ ይታያል ስልክ ጮኸ። ቢሯቸው ክፍት ስለነበር እንሰማለን። የሞጣ ቅርንጫፍ ኃላፊ ነው። አቶ ይታያል መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ጮኹ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ከዚያ ሳቁ። ወጥተው እንድሪስ ፊት ቆሙ።

"እንደ መስተዋት ጠርቷል" አሉ። "ለካ ሲያስፈራሩህ ነው የምትሠራው።"

ፈቃዱን እዚያው ቆመው ፈረሙለት።

እንድሪስ አላመሰገናቸውም። ቦርሳውን እንኳ አልያዘም። መናኸሪያ ሮጦ የመጨረሻውን መኪና ደረሰበት። ደብረ ወርቅን ሳያልፍ ወይዘሮ ዘሚራ ደወሉለት። ዘኪያን ምጥ ይዟታል። ጊዜዋ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር። መቼ ነው የጀመራት ብሎ ጠየቃቸው።

ሰባት ሰዓት አካባቢ፣ አሉት።

ሞጣ ሲደርስ ተወልዳለች።

ሴት ናት። ክብደቷ ደህና። መልኳ ደህና። ትንፋሿ ደህና። አዋላጇ አንድ ነገር ብቻ ነገረችው፤ ስትወለድ አላለቀሰችም። ግን ትተነፍሳለች፣ አትፍራ አለችው።

በማግሥቱ ክትባት ሲወጓት አጠገቧ ነበር።

አፏን ከፈተች። ፊቷ ደም መሰለ። እንባዋ ኩልል ብሎ ወረደ። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። እጆቿን ጨብጣ ታለቅሳለች...

ድምፅ ግን የለም።

ምንም ድምፅ የለም። የሚሰማው የዕቃ መንኳኳት ነው።

ባሕር ዳር ድረስ ወሰዷት። ጉሮሮዋን አዩት፣ ጆሮዋን አዩት። የጎደለ ነገር አላገኙባትም። ታድጋለች፣ ትከፍተዋለች ተብለው ተመለሱ።

እንድሪስ ለዘኪያ ሁሉን ነገራት። ባይነግራት ይሻል ነበር እላለሁ እኔ፤ እሱ ግን መዋሸት አይችልበትም ብያችኋለሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

"ደህና ናት አልከው?"

"አፌ ነው... ሳላስበው ነው።"

"ገና ሳትወለድ ስለ እሷ ለማታውቀው ሰው መለስክ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ባል አላናገረችውም። ወይዘሮ ዘሚራም ምግቡን በር ላይ አስቀምጠው ይሄዱ ጀመር። በሰባተኛው ቀን ስም ሲወጣ ሀኒያ ተባለች። ሌላ ስም እናውጣላት ብሎ ለመናቸው። ዘኪያ ተጠርታበታለች አለች። ፈቃዱ ሲያልቅ ወደ ቢቸና ተመለሰ። ማንም በር ድረስ አልሸኘውም።

ቢሮ እንደገባ መጀመሪያ ያደረገው 209ን መሰረዝ ነው። እያየሁት ሰረዘው። የተቀዳውንም አጠፋ። ቀጥሎ አቶ ይታያል ዘንድ ገብቶ ስልኮቹ ሁሉ ይነቀሉ አላቸው። ምክንያቱን ሲጠይቁት መናገር አልቻለም። ገና አሁን መሥራት ሲጀምር ልታፈርሰው ነው ብለው ከቢሯቸው አስወጡት፤ ማሽኑ ያለበትን ክፍል ቁልፍም ቀሙት።

ስልኩ በእርግጥ ይሠራል። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ አንድም ቀን ተቆራርጦ አያውቅም። እኔ ግን አልነካውም። ሲጮኽ ወጥቼ እሄዳለሁ።

ሚያዝያ አለፈ። እንድሪስ ለዘኪያ በሞባይሉ ይደውላል። ደህና ነን ትለዋለች፣ ትዘጋዋለች። ሥጋው አለቀ። ምሳ አብረን ስንበላ ቁራሽ ይዞ ይረሳዋል። አንድ ቀን ብቻ አለቀሰብኝ፣ ልጄን ማቀፍ ናፈቀኝ ብሎ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ዘሚራ ራሳቸው ደወሉለት። ድምፃቸው ለስልሷል። መረቁት።

"አላህ ይስጥህ ልጄ። ቀን ቀን እየደወልክ ስለምታጫውታት ልቧ ተመለሰ። ሕፃኗም አንተ ስታባብላት ነው እንቅልፍ የሚወስዳት።"

እንድሪስ ቀን ቀን ደውሎ አያውቅም።

በነጋታው ለአቶ ይታያል ሳያስፈቅድ ሞጣ ሄደ። ሰፈሩ ሲደርስ ቀትር ሆኗል። ወይዘሮ ዘሚራ ገበያ ወጥተዋል። ግቢው ጭር ብሏል። የቤቱ በር ገርበብ ያለ ነው፤ ገፋ አድርጎ ደፉ ላይ ቆመ።

ዘኪያ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሀኒያ ጭኗ ላይ ናት።

ሕፃኗ ታለቅሳለች። አፏ ተከፍቷል፣ ፊቷ ቀልቷል፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ቤቱ ውስጥ ግን ዝንብ ስትበር ይሰማል።

ዘኪያ ሞባይሉን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። ፈገግ ብላለች። እንድሪስ ይህን ፈገግታ ካየው ወራት አልፈዋል።

"ዛሬ ደግሞ ድምፅዋ በረታ" አለች ወደ ስልኩ። "አንተ ጋ እንዴት ይጮኻል... እኔም ባንተ በኩል ነው የምሰማት።"

አዳመጠች። ሳቀች።

"ዘኪያ" አለ እንድሪስ ቀስ ብሎ። "ስልኩን ዝጊው።"

ቀና ብላ አየችው። አልደነገጠችም። ዕቃ ሊሸጥ የመጣ ሰው የምታይ ያህል ነው ያየችው።

"ዘኪያ... እኔ ነኝ።"

ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሳ ወደ ስልኩ አንሾካሾከች።

"ሰው መጥቷል።"

አዳመጠች።

"እንጃ... አላውቀውም።"

አዳመጠች። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሕፃኗን አቅፋ ተነሳች፣ ሳትቸኩል ወደ በሩ መጣች። እንድሪስ ልጁን ለመንካት እጁን ዘረጋ። ጣቱ ጨርቋን ሳይነካ በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማው።

በሩን በሁለት እጁ ደበደበ። ዘኪያ ብሎ ጮኸ። በሙሉ አቅሙ ነበር የጮኸው፣ ጉሮሮው እስኪላጥ።

ከአፉ ምንም አልወጣም።

ደግሞ ጮኸ። ደረቱ ሞላ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ግቢው ውስጥ የሚሰማው የቆርቆሮ በሩ መንኳኳት ብቻ ነው።

ያኔ ከበሩ ጀርባ ልጁ አለቀሰች። በድምፅ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጎረቤት የሚሰማው ጠንካራ የሕፃን ለቅሶ።

ቀጥሎ የእግር ኮቴ ሰማ። ከባድ ኮቴ ነው፤ ከጓዳ ተነስቶ ወለሉን አቋርጦ መጣ። አንድ ወንድ በእንድሪስ በራሱ ድምፅ ልጅቷን ያባብላት ጀመር፣ እሷም ቀስ እያለች ዝም አለች።